ሁለተኛው የጎልፍ ሜዳ የመጀመሪያው ግልባጭ መሆን አለበት ወይ?

የጦሳ ልጅ

ሰላም ወሎዬዎች። ለዕረፍት መጥቼ ደሴ ነው ያለሁት። ትናንት ከአባባ ጋር ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ ሥራዬ ሳወራቸው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። ሌሊቱን ሳሰላስለው አድሬ እናንተ ጋር ይዤው መጣሁ።

ለማታውቁኝ፣ እንግሊዝ አገር አንድ የጎልፍ ክለብ ውስጥ የሜዳ ሠራተኛ ነኝ። ሣር አጭዳለሁ፣ አሸዋ እበትናለሁ፣ ጉድጓድ እቀይራለሁ። 11 ዓመት ሆነኝ። ክለቡ እያንዳንዳቸው ባለ 18 ጉድጓድ የሆኑ ሁለት ሜዳዎች አሉት። የመጀመሪያው ስሙ የተጠራ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚወሰደው እዚያ ነው። በዋናው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ፎቶዎች በሙሉ የእሱ ናቸው። እኔ የተመደብኩት ሁለተኛው ላይ ነው።

አሁን የክለቡ ኮሚቴ ሁለተኛውን አፍርሶ የመጀመሪያውን አስመስሎ ሊሠራው አስቧል። ዛፉ ይቆረጣል። ጉብታው ይደለደላል። በመጀመሪያው ላይ ኳስ እንዲያጠምዱ የተሠሩት ሰፋፊ የአሸዋ ጉድጓዶች እዚህም ይቆፈራሉ። ይህን ስነግራቸው አባባ ስኒያቸውን አስቀመጡና «አንድ ካላቸው ሁለተኛው ለምን አስፈለጋቸው? እንደ አንደኛው ካደረጉትስ ምኑን ሁለት ሆነ?» አሉኝ። አባባ የጎልፍ ዱላ ነክተው አያውቁም።

ሜዳው ምን ዓይነት እንደሆነ ላሳያችሁ። ጉድጓድ የምንቀይረው ንጋት ላይ ነው፣ ተጫዋች ሳይመጣ። ክብ መቁረጫ አለን፣ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር። ሣሩ ላይ ታቆመዋለህ፣ ትጫነዋለህ፣ ታዞረዋለህ። ከነሣሩ አንድ ጣሳ የሚያህል አፈር ይዞ ይወጣል። በእሱ የትናንቱን ጉድጓድ ትደፍንበታለህ። የመጀመሪያው ሜዳ ላይ የሚወጣው አፈር ነጣ ያለ አሸዋ ነው፣ እጅ ላይ ይበተናል። የሁለተኛው ከሥሩ ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው፣ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። ዓይኔን ሸፍናችሁ ብትወስዱኝ የትኛው ሜዳ ላይ እንደቆምኩ በጠረኑ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው የተሠራው ከፍ ባለው ደረቅ ቦታ ላይ ነው። ለሁለተኛው የደረሰው ታችኛው ነው፣ የኮረብታው ጎንና የጅረቱ ዳር። ስለዚህ ጨዋታውም ሌላ ነው። ላይኛው ላይ ኳስ መሬት ነክቶ ይሮጣል፣ ነፋስም ያዞረዋል። ታችኛው ላይ የወደቀበት ይቀራል። ግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት አጭር የታጨደው ቦታ፣ ትንሽ ነው። ብዙውን ጊዜ አንዱ እግርህ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ነው የምትመታው። ወደ 7ኛው ጉድጓድ ስትጫወት ጅረቱን ሁለት ጊዜ ትሻገራለህ። በርዝመት ያንሳል፣ ግን ሰው እዚያ ላይ ይበልጥ ሲያስብ አያለሁ።

እና እስቲ ንገሩኝ። ሁለተኛ ሜዳ እንዴት መሆን አለበት? ደግሞ ወሎ ውስጥ ሁለት ሜዳ ሥሩ ብትባሉ ሁለተኛውን የት ታደርጉታላችሁ?

ካሮላይና ያለሁ

እንኳን ለአገርህ አበቃህ ወንድሜ። ለአባባ ንገርልኝ፣ ዓለም ላይ እጅግ ከሚወደሱት ሜዳዎች የአንዱ ስም ራሱ «ቁጥር 2» ነው። ፓይንኸርስት የሚባል ቦታ ነው፣ እኔ ባለሁበት ሰሜን ካሮላይና። ዶናልድ ሮስ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1907 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሠራው። ሠርቶ አልሄደም። 3ኛው ጉድጓድ አጠገብ ቤት ይዞ በ1948 እስኪሞት ድረስ ሲያርመው ሲያቃናው ኖረ። ቁጥር 1 ቀድሞት የነበረ ነው። የአሜሪካ ኦፕን የሚባለው ታላቅ የጎልፍ ውድድር ግን የመጣው ቁጥር 2 ላይ ነው፣ በ1999፣ በ2005፣ በ2014 እና በ2024።

ግሪኖቹን በአገራችን ዕቃ ልንገርህ። አክንባሎ አስብ። መሐላቸው አበጥ ያለ፣ ዙሪያቸው የሚወርድ። በ2014 በበጎ ፈቃደኝነት ገመድ ዳር ቆሜ ተመልካች ሳስተናግድ አንዱን ተጫዋች አየሁት። ከታች ሆኖ ኳሷን ወደ ላይ ገፋት። ጫፍ ላይ ደረሰች፣ ቆም አለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተመልሳ እግሩ ሥር መጣች። ደግሞ መታት። ደግሞ መጣች። ሕዝቡ ጸጥ አለ።

ለእናንተ ኮሚቴ የሚጠቅመው ግን ይሄኛው ነው። ቁጥር 2ም በአንድ ወቅት እንደ ሌላው ሁሉ ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ነበር። በ2010 እና በ2011 ቢል ኮር እና ቤን ክሬንሾ የሚባሉ የሜዳ ነዳፊዎች መጡና 14 ሄክታር የሚሆን ሣር አነሱለት። ከሥሩ የነበረው አሸዋና የዱር ሣር ተመለሰ። የውኃ መርጫዎቹ ከ1,150 ወደ 450 ወረዱ። በ2014 ቴሌቪዥን ላይ ያየው ሰው «ሜዳው ደርቋል» ብሎ አማረረ። እኔ ግን ቡናማውን ሣርና አሸዋውን ሳይ የበጋ መስካችን ነው ፊቴ የመጣው። ሜዳው ራሱን መሰለ። ታላቅ ያደረገውም ይኸው ነው።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጎልፍ አላውቅም። ሜዳ ሜዳ አይደለም እንዴ? የወልዲያ ስታዲየምና የአዲስ አበባ ስታዲየም ሣራቸው ላይ የምትጫወተው ያው አንድ እግር ኳስ ነው። እዚህ ምን ይለየዋል?

የጦሳ ልጅ

@አዲስ ገቢ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ በሜትር ተለክቶ፣ መሬቱ ተስተካክሎ ይሠራል። የጎልፍ ሜዳ ግን መሬቱ ራሱ ነው ጨዋታው። 18ቱ ጉድጓዶች ከ50 እስከ 70 ሄክታር ቦታ ላይ ይዘረጋሉ። አንዱ ከመነሻው 130 ሜትር ላይ ይሆናል፣ ሌላው 500። መካከል ላይ ኮረብታ ይኑር፣ ወንዝ ይኑር፣ ዛፍ ይኑር የሚል ሕግ የለም፣ አይኑር የሚልም የለም። የገና ጨዋታን አስበው። ቦሩ ሜዳ ላይ ሩሯን ስትመታና ገደል አፋፍ ላይ ስትመታ አንድ ነው?

@ካሮላይና ያለሁ፣ ወላሂ አክንባሎውን ለአባባ ነገርኳቸው። ወዲያው ገባቸው።

የሐይቋ

እኔ ሙዚቃ አስተምራለሁ፣ ጎልፍ አይቼም አላውቅ። የአባባ ጥያቄ ግን የእኔም ጥያቄ ነው።

አምባሰልና ባቲ ሁለቱም የወሎ ቦታ ስም ናቸው፣ ሁለቱም ቅኝት ናቸው። ሁለቱም በአምስት ድምፅ ይሄዳሉ። ያው አንድ ማሲንቆ፣ ያው አንድ እጅ ነው የሚጫወታቸው። ግን የድምፆቹ ርቀት ይለያያል። ተማሪዎቼ መጀመሪያ አምባሰልን ተምረው ወደ ባቲ ሲሻገሩ ጣታቸው ሳያስቡት ወደ ለመደው ቦታ ይሄዳል። ድምፁ ይበላሻል። «ይሄ አምባሰል አይደለም፣ አዲስ ነገር ነው፣ ጆሯችሁን ክፈቱ» እላቸዋለሁ። ባቲን አምባሰል ላስመስል ያለ ሰው ባቲን ያጠፋል፣ ለአምባሰል ደግሞ ምንም አይጨምርለትም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ግን። ሁለቱን ሜዳዎች የሚነድፈው አንድ ሰው ነው ወይስ የተለያየ? ምክንያቱም አንድ ሰው ሁለት ዜማ ሲደርስ የእጁ ጠረን ሁለቱም ላይ ይቀራል።

የጦሳ ልጅ

@የሐይቋ፣ እህት ዓለም፣ ይህን አባባልሽን ኮሚቴው ፊት ይዤው እቀርባለሁ።

ሁለቱም ዓይነት አለ። ለንደን አጠገብ ሰኒንግዴል የሚባል ክለብ አለ። አሮጌውን ሜዳ ዊሊ ፓርክ ነደፈው፣ በ1901 ተከፈተ። አዲሱን ደግሞ ሃሪ ኮልት በ1923 ሠራው። ኮልት በዚያው ክለብ ጸሐፊ ሆኖ ዓመታት የሠራ ሰው ነው። አሮጌውን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። አልደገመውም። አሮጌው ዛፍ መሐል ይጠማዘዛል፣ አዲሱ ሰፋና ገላጣ ነው፣ ከመነሻው ኳስህን በአየር አሻግረህ ቁጥቋጦውን ማለፍ ይጠበቅብሃል። ዝነኛው ተጫዋች ቦቢ ጆንስ በ1926 አሮጌው ላይ 18ቱን በ66 ምት ብቻ ጨርሶ ዓለም ጉድ ብሏል፣ ዝናውም የአሮጌው ነው። አባላቱ ግን የቱ ይበልጣል ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሁለተኛ ሜዳ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

አንድ ሰው ሁለቱን የሠራበት ደግሞ ኒው ዮርክ አቅራቢያ ያለው ዊንግድ ፉት ነው። አልበርት ቲሊንግሃስት ምሥራቁንም ምዕራቡንም ሠርቶ ሁለቱም በ1923 ተከፈቱ። ምዕራቡ የወንዶቹን የአሜሪካ ኦፕን ደጋግሞ አስተናገደ። ምሥራቁ የሴቶቹን በ1957 እና በ1972። ያልሽው የእጅ ጠረን እዚያ በደንብ አለ፣ ግሪኖቹ ላይ።

ስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ላይ ደግሞ ኦልድ ቶም ሞሪስ ሁለተኛውን ሜዳ በ1895 ሠራ። የእኛ ውጫሌ ላይ ውሉ ከተፈረመ 6 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስሙ ያኔም «አዲሱ» ነበር፣ ዛሬም «አዲሱ» ነው። ከአሮጌው ጎን ለጎን ነው የተኛው። አንዲት ነገር ከታላቁ ወስዷል፣ አሮጌው ላይ ሁለት ጉድጓዶች አንድ ትልቅ ግሪን ይጋራሉ፣ ቁጥራቸው ሲደመር 18 ይሆናል። አዲሱም ላይ 3ኛውና 15ኛው እንዲሁ ይጋራሉ። የቤተሰብ ምልክት ነው፣ እንደ አፍንጫ። ከዚያ ውጭ የራሱን መንገድ ነው የሚሄደው። የመስመሩ አካሄድ ቀጥ ያለ ነው፣ የት መምታት እንዳለብህ ያሳይሃል። አሮጌው ይደብቅብሃል።

መሬት ለኪ

ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፣ በቅየሳ ሙያ። ነገሩ በዜማ ብቻ አያልቅም፣ ወደ መሬቱ እንምጣ።

ዋናው ችግር የመጀመሪያውን የሚሠራ ሰው ደህናውን መሬት ሁሉ መውሰዱ ነው። ለሁለተኛው ትራፊው ይደርሰዋል። ከዚያ «ሁለተኛው ደካማ ነው» ይባላል። ደካማ የሆነው ሜዳው አይደለም፣ ክፍፍሉ ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። ለጥ ያለ ቦታ ስታይ ደስ አይበልህ። አብዛኛው ለጥ ያለ ቦታችን ዋልካ ነው። በክረምት እግር ይውጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እዚያ ላይ ግሪን ለመሥራት ከሥሩ ጠጠር፣ በላዩ አሸዋ መደልደል፣ ቧንቧም መቅበር አለብህ። ዳገቱ ጎን ላይ ግን ውኃው ራሱ ይወርድልሃል። ስለዚህ ሰው «ትራፊ» የሚለው ዳገት ለጎልፍ ከሜዳው ሊሻል ይችላል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን አልጣደፍም፣ ሁለቱንም በአንድ ካርታ ላይ አንድ ላይ ነው የምዘረጋው።

ሣርን በተመለከተ ገንዘብ አታባክኑ። ሞቃት አገር ያሉ ሜዳዎች የሚተክሉት ሰርዶ ነው። ያው የእኛው ሰርዶ። ገበሬው «አልነቀል አለኝ» ብሎ የሚያማርርበት። አጥብቀህ ስታጭደው መሬቱን ይዞ ይተኛል፣ ስትረግጠው አይሞትም፣ ሲደርቅ ቡናማ ይሆንና ዝናብ ሲነካው ይነሣል።

ከፍታውንም አትርሱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርደህ 25 ኪሎ ሜትር ሳትጨርስ ሌላ አየር ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ኳስ ይርቃል። አንዱ ላይ ያለው ሜዳ ሌላው ላይ ቢገለበጥ ርዝመቱ ራሱ ይዋሻል።

የጦሳ ልጅ

@መሬት ለኪ፣ ጋሼ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የመዘርጋት አሳብዎን በ1918 አንድ ሰው አስቦት ነበር።

ኒው ጀርሲ ባልተስሮል የሚባል ክለብ አለ። አንድ ሜዳ ነበረው፣ የተወደደ ሜዳ ነው፣ ትልልቅ ውድድር ያስተናገደ። ሁለተኛ ለመጨመር ያው ቲሊንግሃስትን ጠሩት። እሱም መሬቱን ዞሮ አየና አንድ አትጨምሩ አላቸው። ያለውን አርሱትና ሁለት አዲስ አብረን እንሥራ አላቸው። ተቀበሉት። በ1922 ሁለቱም ተከፈቱ፣ የታችኛውና የላይኛው። የበኩርና የታናሽ ነገር የለም፣ መንትዮች ናቸው።

አሁን የእኛ አገር ነገር ይመጣል። የታችኛው ሜዳማ ነው። የላይኛው ተራራው ጎን ላይ ነው የተለጠፈው። እዚያ ግሪን ላይ ቆመህ ስታይ ኳሱ ወደ ግራ የሚሄድ ይመስልሃል። ትመታዋለህ፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ተራራው በአጠገብህ ስላለ ዓይንህ አግድሙን ይስታል። መሬቱ ሁሉ ያጋደለበት ቦታ ትንሹ ተዳፋት ለጥ ያለ ይመስላል፣ ለጥ ያለው ደግሞ ወደ ኋላ የሚወጣ። በ1936 የአሜሪካ ኦፕን እዚያ የላይኛው ላይ ተካሂዷል።

ይህን ሳነብ ያደግሁበት ሰፈር ነው ትዝ ያለኝ። ጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ልጅ ውኃ ወደ ላይ ሲሄድ ያየ ይመስለዋል። አባባ ቦይ ሲቀዱ ዓይናቸውን አያምኑም ነበር። መጀመሪያ በጣሳ ውኃ ያፈሳሉ።

የገበሬ ልጅ

አቦ ሁላችሁም ስለ ሜዳው ታወራላችሁ፣ ከብቱን ማን ያስባል? አንድ ሜዳ 70 ሄክታር ካለ ሁለቱ 140 ነው። እኛ ቀበሌ ውስጥ የወል ግጦሽ እንኳ ያን ያህል የለም። በበጋ ጨፋ ድረስ ከብት ይዞ ለሣር የሚወርድ ሰው አለ። የበልግ ዝናብ በቀረ ጊዜ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። የመጀመሪያውን ፍቀዱ እንኳ ብባል ሁለተኛውን አልፈቅድም።

የጦሳ ልጅ

@የገበሬ ልጅ፣ እውነትህን ነው። ከልቤ ነው የምለው። የእኔም አባት ከብት አላቸው። ግጦሽ ወስዶ አጥር አጥሮ በቧንቧ ውኃ የሚያጠጣ ሜዳ ወሎ ውስጥ እኔም አልፈልግም።

ግን ጎልፍ ራሱ ከግጦሽ መሬት ነው የተወለደው። ስኮትላንድ ውስጥ ባሕር ዳር ያለ፣ ለእርሻ የማይሆን፣ አሸዋማ የወል መሬት ነበር። ሣሩን አጭር ያደረጉት በጎችና ጥንቸሎች ናቸው። ሴንት አንድሩስ ዛሬም የሕዝብ ቦታ ነው። እሑድ አሮጌው ላይ ጨዋታ የለም፣ የከተማው ሰው ልጅና ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። 1ኛውንና 18ኛውን የሚያቋርጥ የሰው መንገድ አለ፣ እግረኛ ሲያልፍ ተጫዋቹ ይጠብቃል።

ብሮራ የሚባል ደግሞ ሰሜን ስኮትላንድ ውስጥ አለ። ጄምስ ብሬድ ነው ያበጃጀው። የአካባቢው ገበሬዎች የግጦሽ መብት ስላላቸው በጎችና ከብቶች ለረጅም ዘመን ሜዳው ላይ ሲግጡ ኖረዋል። ግሪኖቹ ዙሪያ ብቻ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዞር ነበር፣ ተጫዋቹ ተሻግሮ ይገባ ነበር። ለእኔ ሁለተኛ ሜዳ ማለት ይህን መሞከሪያ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ስም ስላለው ኮሚቴ ይፈራል፣ አያስነካውም። ሁለተኛው ላይ መድፈር ይቻላል።

ካሮላይና ያለሁ

@የገበሬ ልጅ፣ ስለ ውኃው አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥር 2 ራሱ እስከ 1935 ድረስ ግሪኖቹ ሣር አልነበሩም፣ አሸዋ ነበሩ። አውስትራሊያ ገጠር ውስጥም ዛሬ ድረስ በዘይት የረጠበ አሸዋ ግሪን የሚጠቀሙ ሜዳዎች አሉ። ተጫዋቹ ከመምታቱ በፊት መንገዱን በእንጨት መጥረጊያ ይደለድላል። አንድ ጠብታ ውኃ አይጠጣም።

የገበሬ ልጅ

እሽ። ከብቱ ከገባ፣ ውኃው ካልተወሰደ፣ ደግሞ ቦታው የእኛ ሆኖ ከቀረ እንነጋገራለን።

ዱላ ተሸካሚው

ልጅ ሳለሁ ከወሎ አዲስ አበባ ሄጄ ጎልፍ ሜዳ ላይ ዱላ ተሸካሚ ነበርኩ። አሁን ኮምቦልቻ ሹፌር ነኝ። አንድ ነገር ልቃወም ነው የመጣሁት።

የእኛ ሜዳ ባለ 9 ጉድጓድ ነበር። ሰው ሁለት ጊዜ ዞሮት 18 ያደርገዋል። ሁለተኛው ዙር ላይ መነሻውን እንቀይረው ነበር፣ ጥቂት ወደ ጎን፣ ጥቂት ወደ ኋላ። ያው መሬት ሌላ ጨዋታ ይሆናል። ግንዱ የነበረው በግራህ፣ አሁን ፊት ለፊትህ ይመጣል። ስለዚህ ሁለተኛ ሜዳ ለማግኘት ሌላ 70 ሄክታር የግድ አይደለም። አራት እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ይበቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞዬ፣ ሁላችሁም ስለ ታላላቅ ሜዳዎች ነው የምታወሩት። እኔ ግን ሰዎቹን አስታውሳለሁ። ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጋሼ ነበር የምላቸው። ከባድ ቦታ ላይ ኳሳቸው ሲጠፋ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ከሦስት ጉድጓድ በኋላ «በቃኝ ልጄ» ይላሉ። ሁለተኛ ሜዳ ለእነሱ መሆን አለበት። ለጀማሪ፣ ለሕፃን፣ ለሽማግሌ። ጅረት ሁለት ጊዜ የሚያሻግር ሜዳ ማን ላይ ልትጥልበት ነው?

የጦሳ ልጅ

@ዱላ ተሸካሚው፣ ወንድሜ፣ ይህንን ስጠብቅ ነበር። ከፊሉን እቀበልሃለሁ።

ለሁለተኛው ትልቁ አደጋ የመጀመሪያው አገልጋይ መሆኑ ነው። ፊላዴልፊያ አጠገብ ሜሪየን አለ። ምሥራቁ በ1912፣ ምዕራቡ በ1914 ተከፈቱ፣ ሁለቱም የሂዩ ዊልሰን ሥራ ናቸው። በ2013 የአሜሪካ ኦፕን ምሥራቁ ላይ ሲካሄድ ምዕራቡ የተጫዋቾች መለማመጃ ሆነ። የእኛም ክለብ ውድድር ሲኖር የእኔ ሜዳ መኪና ማቆሚያ ይሆናል። ጎማው ያረሰውን ለማዳን ሁለት ወር ይፈጅብኛል። ስለዚህ «ለጀማሪ ይሁን» ሲባል «ማንም ያበላሸው» ማለት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ጋሼን ግን አልረሳቸውም። ቀላል መሆንና ደግ መሆን ይለያያሉ። የእኛ 7ኛው ጉድጓድ ጅረቱን ሁለት ጊዜ ያሻግራል ብያችኋለሁ፣ ያልነገርኳችሁ ግን በቀኝ በኩል በድልድይ የሚዞር ሰፊ መንገድ አለ። በእሱ የሄደ አንድ ምት ይጨምራል፣ ኳሱ ግን አይሰጥምም። ሽማግሌዎቹ ሁሌ በዚያ ነው የሚሄዱት። እያወሩ ይሻገራሉ። እኔ ሣሩን የማጭደው የእነሱን መንገድ አስቤ ነው። በኮሚቴው ንድፍ ላይ ድልድዩ የለም። የመጀመሪያው ሜዳ ላይ ድልድይ ስለሌለ።

የሐይቋ

ድልድዩን ብቻ ይዘህ ተከራከር። ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይመጣል።

መሬት ለኪ

እስማማለሁ። ከቻልክ ደግሞ የሁለቱን ሜዳ የአፈር ናሙና ጎን ለጎን ጠርሙስ ውስጥ አድርገህ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥ። ከካርታ ይልቅ ያሳምናል። እኔ ሰው አልገባው ሲል እንደዚያ ነው የማደርገው።

ለመሆኑ የወሎውን ጥያቄ ሳንመልስልህ ቀረን። የእኔ መልስ፣ የመጀመሪያው ኮምቦልቻ በኩል ከሜዳው ዳር፣ ሁለተኛው ደሴ በኩል ዳገቱ ላይ።

ካሮላይና ያለሁ

የእኔ ሐይቅ ዳር። ነፋሱ ከውኃው ላይ ሲመጣ።

የጦሳ ልጅ

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ልንገራችሁና ልተኛ፣ ነገ ወደ አዲስ አበባ እወርዳለሁ።

ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት የጎልፍ ኳስ ነበረኝ። አባባን ይዣቸው እኛ ማሳ በላይ ካለው ተረተር ወጣን። ጤዛው አልደረቀም ነበር። በጎች የጋጡት አንድ ገላጣ አለ፣ ሰርዶ የለበሰ፣ የአንድ ግሪን ያህል ስፋት አለው። ጦሳ ከጀርባችን ነው፣ ከተማው ከታች፣ ቦርከና ከከተማው ባሻገር። እንደ ሥራዬ በርከክ ብዬ መሬቱን አየሁት። ኳሱ ወደ ግራ፣ ወደ ወይራው እንደሚሄድ እርግጠኛ ነበርኩ። 11 ዓመት ሙሉ ይህን ነው የምሠራው።

አባባን «ወዴት ይሄዳል?» አልኳቸው። አላጎነበሱም። በከዘራቸው ወደ ቀኝ አሳዩኝ፣ ከፊል አፈር ውስጥ የገባ ጥቁር ድንጋይ አለ። «ክረምት ውኃው እዚያ ነው የሚያርፈው» አሉ።

ኳሷን ለቀቅኳት። መጀመሪያ ወደ ግራ የምትሄድ መሰለች። ሰርዶው ላይ ጤዛውን እየሰነጠቀች፣ ከኋላዋ ጥቁር መስመር እየተወች ሄደች። መሐል ላይ ስትደርስ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ድንጋዩ ሥር ሄዳ ቆመች።

አባባ ሁለተኛዋን ኳስ ከእጄ ወሰዱና «በል አሁን ከዚያ ማዶ እኔ ልሞክር» አሉ።